የአግዳሚው ወንበር ፕሮፌሰር

ሰው ሳይጠይቅ የሚመከረው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሲያገባና ሲታመም። ሲያገባ የሚመክሩት ዘመዶቹ ስለሆኑ ቢያንስ ያውቁታል። ሲታመም ግን የሚመክረው ነባር በሽተኛ የሚባለው ፍጡር ነው። የፈለጋችሁት ሆስፒታል ሂዱ፣ የፈለጋችሁት በር ላይ ተሰለፉ፤ ከእናንተ ቀድሞ የታመመ፣ ከሐኪሙም አብልጦ የሚያውቅ አንድ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተመቻችቶ ይጠብቃችኋል። "ምንህን ነው?" ይላል። በቃ፣ አለቀላችሁ።

የእኔው ነባር በሽተኛ ክቡር ፕሮፌሰሩ ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው አግዳሚው እንጂ ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዱ ጡረተኛ ሹፌር ናቸው።

እኔ እዚያ የደረስኩት አልማዝ ባለጭራ የምትባለው የቆዳ ሕመም ጎድኔ ላይ ወጥታ፣ ቁስሏ ድኖ ሕመሟ አልለቅ ስላለኝ ነው። ቁስሉ ከደረቀ ዓመት አልፎታል፤ ሸሚዝ ሲነካኝ ግን ዛሬም እሳት እንደነካው ሰው እዘላለሁ። ያልዋጥኩት ክኒን የለም። አንዱ ያፈዘኛል፣ አንዱ ያቅለሸልሸኛል፣ ሕመሙን ግን የነካው የለም። በመጨረሻ የምታክመኝ ሐኪም፣ ራስ ቅል ሳይከፈት፣ መርፌም ሳይወጋ፣ ከውጭ ሆኖ በማግኔት አንጎልን እያነቃቃ ሕመም የሚያስታግስ መሣሪያ አለ፤ ለአንዳንዱ ይሠራል፣ ለአንዳንዱ አይሠራም፣ እንሞክረው አለችኝ። እሺ አልኩ። ዓመት ሙሉ ተቀምጬ ያንቀላፋሁ ሰው ነኝ፤ ደክሞኛል። ምኞቴ እንደ ሰው በጎኔ መተኛት ብቻ ነበር።

መሣሪያው አንድ፣ ወንበሩም አንድ ነው። ሰልፈኛው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ደንብ ወጥቶለታል። ሲስተር በየጠዋቱ "ከዜሮ እስከ አስር፣ ሕመምህ ዛሬ ስንት ነው?" ብላ ትመዘግባለች። በአስረኛው ቀን ቁጥሩ ቢያንስ ሁለት ካልቀነሰ፣ ወንበሩ ለተረኛ ይሰጣል።

ፕሮፌሰሩ ገና ሳልቀመጥ የሱሪያቸውን እግር ሰብሰብ አድርገው ሰው ሠራሹን እግር አሳዩኝ። ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ከተቆረጠ አራት ዓመቱ ነው። የሚያማቸውም እሱው ነው።

"የሌለው እግር?" አልኳቸው።

"የሌለው። የአውቶቡሱን ፍሪሲዮን ፔዳል ረግጦ ቀርቷል፤ ልቀቅ ብለው አይለቅም።"

ከዚያ መሣሪያውን ራሳቸው የገጣጠሙት ይመስል አስረዱኝ። ጠፍጣፋውን ነገር ከራሴ ላይ እንደሚያስጠጉት፣ ጠቅ ጠቅ እንደሚል፣ ቦታውን ሲፈልጉ አውራ ጣቴ ብቻዋን ብትዘል እንዳልደነግጥ ነገሩኝ። "በኔ ይሁንብህ" ብለው ዘጉት። ያሉት ሁሉ ልክ ሆነ፤ ይህ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ። ኋላ እንደሰማሁት፣ መሣሪያው ላይ ከእኔ የሚቀድሙት በአንድ ቀን ብቻ ነበር።

እውቀታቸው ግን ዳር ድንበር የለውም። ፊቷን የሚያማትን ልብስ ሰፊ የፀጉር መያዣሽን አውልቂ አሏት፤ ትክክል ነበሩ። ቀጥለው ደግሞ ማግኔቱ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ሦስት ቀን መቀስ እንዳትነኪ አሏት፤ ምስኪኗ ሦስት ቀን ሥራ ፈታች። እኔ ሸሽቼ ወደ አግዳሚው ጫፍ ሄድኩ፤ እሳቸውም ተጠጉ። ጋዜጣ ብዘረጋ በትከሻዬ በኩል አንብበው፣ ጸሐፊው የት ላይ እንደተሳሳተ ነገሩኝ።

ትልቁ ሥራቸው ግን ቁጥሩ ነው። "ቁጥር ላይ ሞኝ አትሁን" አሉኝ። "አስር ካልክ አጋናኝ ይሉሃል፤ ሦስት ካልክ ድኗል ብለው ያሰናብቱሃል። ሞተር እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል፣ እነሱ የሚሰጡህ ግን አስር ቀን ነው። ከስምንት ጀምር፣ በየሦስት ቀኑ አንድ ቀንስ። በኔ ይሁንብህ።"

እኔ የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ እንጀራዬ የሰው ስህተት መልቀም ነው። ግን የደከመው ሰው ታዛዥ ነው። ስምንት ሲሉኝ ስምንት፣ ሰባት ሲሉኝ ሰባት እያልኩ ቀጠልኩ።

በዘጠነኛው ቀን ሐኪሟ ቁጥሮቻችን የተመዘገቡበትን ወረቀት ይዛ ወጣች። በዚያ ሰሞን ወንበሩ የደረሰን ሰባታችንም፣ ከየትም ቁጥር እንጀምር፣ በየሦስት ቀኑ አንድ አንድ ቀንሰናል፤ አውቶቡስ በየፌርማታው አንድ አንድ ሰው እንደሚያወርድ። ሐኪሟ አልተቆጣችም። ከእኛ ይልቅ የደከማት ትመስል ነበር። "እንዲህ ለሁሉም እኩል የሚሠራ ሕክምና እስካሁን አላየሁም" አለች።

ሁላችንም ወለሉን ማየት ጀመርን። ፕሮፌሰሩ እግራቸውን አስተካክለው ተነሡ። "እነሱን ተያቸው ልጄ" አሉ። "ቁጥሩን የደለደልኩት እኔ ነኝ።"

በየተራ እየጠራች እውነተኛውን ጠየቀችን። የእኔ ተራ ሲደርስ "ስድስት" ልል አፌን ስከፍት ቀደም ብላ፣ ትናንት እንዴት አደርክ አለችኝ።

"በጎኔ ተኝቼ" አልኩ፣ ራሴም ሰማሁት።

ለካ ሦስት ሌሊት በጎኔ ተኝቻለሁ። ለነገ የተመደበልኝን ቁጥር ሳጠና ሕመሜን መጠየቅ ረስቼ ኖሯል። አምስት ነው አልኳት፤ እሱም እውነት ነበር። ከደስታ ብዛት ሸሚዜን አንድ ቁልፍ አዛንፌ ቆለፍኩት።

ገና ሳልወጣ ፕሮፌሰሩ ገቡ።

"ዘጠኝ" አሉ፣ ሳይጠየቁ።

ሐኪሟ ወረቀቱን አየች። "እዚህ ሰባት ይላል፣ አባት።"

"እሱ የእኔ ሥራ ነው። እግሬ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ነው የሚለው።"

ከሦስት ወር በኋላ በሌላ መንገድ ሊሞከር ይችላል ተብሎ ከተጠባባቂዎቹ ሁሉ ኋላ ተመዘገቡ፤ አርባ አንደኛ። ውጭ ላይ፣ ጋሼ፣ ሰባት ብለው ቢጸኑ ማን ያውቅ ነበር አልኳቸው።

"ወንበሩ አንድ ነው" አሉኝ። "ለእኔ ካልሠራ ይዤው ምን አደርጋለሁ? ፌርማታ ዘግቶ የሚቆም ሹፌር ሲሰደብ አልሰማህም?"

በማግስቱ አግዳሚው ጸጥ አለ። ስመኘው የኖርኩት ጸጥታ ነበር። ጋዜጣዬን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ ጸሐፊው የት ላይ እንደተሳሳተ የነገረኝ ግን የለም። ልብስ ሰፊዋ ፕሮፌሰሩ ዛሬ አይመጡም እንዴ ስትለኝ፣ አርባ አንደኛ ናቸው አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ልገባ ስል ስልኬ ጮኸ። "ዛሬ ስንት?" ይላሉ። ቁጥሬን ማን እንደሰጣቸው አላውቅም። አራት አልኳቸው። ሦስት ትገባለህ፣ በኔ ይሁንብህ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አንድም ጠዋት አላለፉኝም፤ ሦስትም ገባሁ። የመጨረሻዬ ቀን ላይ፣ ያኔ ብቻ፣ የእርስዎስ ስንት ነው ጋሼ ብዬ ጠየቅኳቸው። ቀድሜ ባለመጠየቄ አፈርኩ።

መጀመሪያ የእኔን ሦስት አስደግመው አረጋገጡ።

"ለባለቤቴ አራት ብያታለሁ" አሉ ከዚያ። "ለልጆቼም አራት ነው። ላንተ ግን ዘጠኝ ነው።"

ሕክምናዬ ካለቀ ሁለት ወር ሆነው። አሁን ጠዋት ጠዋት የምደውለው እኔ ነኝ። የምመክራቸው ነገር የለኝም፤ ስንት እንደሆነ ብቻ እጠይቃለሁ፣ እሳቸውም እውነቱን ይነግሩኛል። ተራቸው አሥራ ሁለተኛ ደርሷል።