ጸጉር አስተካካዩ ሚደቅሳ በልደታ ቀበሌ አዳራሽ ሣቅን ድል እንደ ነሣ

ወኮነ በውእቱ መዋዕል፣ በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ የቀበሌው ሱቅ ስኳር ሲያገኝ ሳሙና በሚያጣበት፣ ሳሙና ሲያገኝ ስኳር በሚያጣበት ዘመን፣ ጓድ በድሉ በልደታ በሊቀመንበርነት በነገሡ በአምስተኛው ዓመት፣ በወርኀ ታኅሣሥ፣ ሞዓ ጎፈሬ ዘእምነገደ ቶንዶስ፣ ሥዩመ መቀስ፣ ከሰንጋ ተራ እስከ ልደታ ማርያም ደጃፍ ያለውን ጸጉር ሁሉ ያስገበረው ጸጉር አስተካካዩ ሚደቅሳ ታላቅ ጦርነት ገጠመ። ጦርነቱም ከሣቅ ጋር ነበር።

ይህ ሚደቅሳ ከልጅነቱ ጀምሮ ሣቂታ ነበረ። ሲሥቅም እንደ ሰው በአፉ ብቻ አይደለም፤ ትከሻው ይሥቃል፣ ሆዱ ይሥቃል፣ ጺሙን በመላጨት ላይ ያለው ደንበኛም ከወንበሩ ዘሎ አንገቱን ይዳብሳል። ባለፈው ክረምት ግን ይኸው ሣቁ ጣጣ አመጣበት። ጓድ በድሉ በውይይት ክበብ ኢምፔሪያሊዝምን በማውገዝ ላይ ሳሉ ሁለት ገጽ ተጣብቆ ተገለጠባቸውና፣ ያንኑ ኢምፔሪያሊዝም ለጎመን ዘር ሥርጭት ላደረገው ከፍተኛ አስተዋጽኦ ሲያመሰግኑት፣ ከተሰበሰበው ሕዝብ አንድ ሰው ብቻ ሣቀ። ጓድ በድሉም ወረቀታቸውን አጥፈው፣ ሰውየውን ትክ ብለው አይተው ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸጉራቸውን ሌላ ዘንድ ተቆረጡ።

ወእምዝ የሚደቅሳ አንዲት ልጁ አያንቱ በጥር ልትዳር ቀን ተቆረጠላት። የሙሽራው ወገን ከአምቦ በአውቶቡስ ይመጣል፤ የሚደቅሳ ቤት ግን አንድ እንግዳ ሲገባ ባለቤቱ አልጋ ላይ የሚወጣበት ቤት ነው፤ ድንኳን እንዳይተክል ግቢው የጎረቤቱ ሁሉ ልብስ ማስጫ ነው። የቀረው የቀበሌው አዳራሽ ነበረ፣ የአዳራሹም ቁልፍ በጓድ በድሉ ኪስ ነበረ። ሚደቅሳ ደጅ ቢጠና ቢጠና፣ ዛሬ ነገ እየተባለ ከርሞ፣ በመጨረሻ ይህ አዋጅ በድምፅ ማጉያ ወጣ፦

«የልደታ ነዋሪ ስማ! በመጪው እሑድ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ፣ ስለ ሰላይ የሚያስተምር ፊልም በአዳራሻችን ይታያል። ፊልሙ ታላቅ ደራሲ ከጻፈው ልብ ወለድ የተወሰደ ስለሆነ ቁም ነገር ነው። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው የግድ ይመጣል። የሚሥቅ ሰው የሰላይ ወዳጅ ተደርጎ ይቆጠራል። ጸጉር አስተካካይ ሚደቅሳ ለሠርግ የጠየቀው አዳራሽም በዕለቱ በሚያሳየው ሥነ ሥርዓት ይወሰናል። ቀልድ የለም!»

ጓድ በድሉ ግን የፊልሙን ሣጥን እንጂ ፊልሙን አላዩም ነበር። በሣጥኑ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ከግንብ ኋላ ሲያጮልቅ ተሥሎ አይተው፣ ይኸው ጠላት ብለው ደመደሙ። በልደታ ምድር እውነቱን የሚያውቅ ሚደቅሳ ብቻ ነበረ፤ ልብ ወለዱን ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ገዝቶ፣ ደንበኛ በጠፋ ቁጥር አንብቦታልና። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር በሰላዮች ላይ ያሾፋል፤ ሚደቅሳም ሲያነበው ሆዱን ይዞ ከወንበሩ ወርዶ ነበር። ታዲያ ሄዶ አይናገርም ወይ ብትሉ፣ ሊቀመንበሩ ተሳስተዋል ማለት ሊሆንበት ነው፤ ምን ቆርጦት!

የጦርነቱ ቀን በደረሰ ጊዜ፣ የቤቱ እመቤት ጠጅቱ በበሩ ላይ ቆማ እንዲህ ስትል አወጀች፦

«ስማ ሚደቅሳ! ዛሬ ያንን ጥርስህን ብታሳይ ወዮልህ! ልጄን ከልብስ ማስጫ ሥር ልድራት ነው? የአምቦ ሰው ምን ይለኛል? ሣቅ ከመጣብህ እናትህ የሞተችበትን ቀን አስብ። እሱ ካልበቃህ ደግሞ ቤት ስትመለስ የማደርግህን አስብ!»

አያንቱ ግን የአባቷን ኮሌታ አስተካክላ፣ አባዬ አደራህን አለችው። እሷ ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

ወደ ዐውደ ግንባሩም ሲዘምት አብረውት የተሰለፉት እነዚህ ናቸው፦ ጎማ ጠጋኙ ቱሉ፣ ጥቁር ዘይት ያልለቀቀውን እጁን በኪሱ ደብቆ፤ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ገብረየሱስ፣ ያለ ጥሩምባው፤ ወግ የማያልቅባቸው እማማ ሎሚ፣ ከነከዘራቸው፤ ከእነርሱም ኋላ በየቤታቸው ዕጣ የወጣባቸው ምስኪኖች፣ ቁጥራቸው እንደ አግዳሚው ብዛት። የሚደቅሳም የጦር ዕቃ አንድ መሐረብና በኪሱ የያዘው መቀስ ነበረ።

መብራቱ ጠፋ፤ የሣቅም ሠራዊት ተነሣ። ፊታውራሪው ፈገግታ፣ ቀኝ አዝማቹ የአፍንጫ ትንፋሽ፣ ግራ አዝማቹ ዕንባ፣ ደጀኑም ስቅታ ነበረ። ፊልሙ በባዕድ ቋንቋ ቢሆንም የሚታየው ነገር አስተርጓሚ አላሻውም። ሰላዩ ማንም እንዳያውቀው እስከ እምብርቱ የሚደርስ የሐሰት ጺም አድርጎ ከባቡር ሲወርድ፣ የጣቢያው ሕዝብ ሁሉ ባርኔጣውን እያነሣ ሰላም አለው። ፈገግታ ገሠገሠ፤ ሚደቅሳ መሐረቡን ነክሶ መለሰው። ቀጥሎ ሰላዩ አንድ ሰው ሊከታተል ወጣ፤ ያም ሰው እርሱን እንዲከታተል የታዘዘ ሰላይ ነበርና፣ በአንድ ፏፏቴ ዙሪያ እየተከታተሉ ሲዞሩ ሲዞሩ ራሳቸው ዞሮባቸው ተቃቅፈው ወደቁ። በዚህ ጊዜ ቱሉ አልቻለም፤ አንጀቱ እስኪቆረጥ ሣቀ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች በብብቱ ይዘው አወጡት፤ በሰፈሩም እስከ ረቡዕ ጎማ የሚጠግን ጠፋ።

ሚደቅሳ ፈራ። ጀግና አይፈራም የሚል ዜና ጸሐፊ ውሸቱን ነው፤ አያንቱን በሐሳቡ ቬሎዋን ለብሳ ከረጠበ አንሶላ ሥር ቆማ አያት። መጽሐፉን ማንበቡም መከራውን እጥፍ አደረገበት። ሌላው ሰው ቀልዱ ሲደርስ አንድ ጊዜ ይመታል፤ ሚደቅሳ ግን ሰላዩ ሊደበቅ ወደ ቁም ሣጥኑ ሲራመድ፣ ገና በሩ ሳይከፈት በውስጡ ማን እንዳለ ያውቃል። በሩ ተከፈተ፤ ሌሎች ሰላዮች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ብርድ ሊገባብን ነው፣ ቶሎ ዝጋው ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡት፤ እርሱም ይቅርታ ጠይቆ፣ ገብቶ ዘጋው። ሚደቅሳ የመቀሱን ጫፍ በጭኑ ላይ ተከለ።

ይህንንም አለፈ። ግን የሰላዮቹ አለቃ ሊናገር ተነሣ፤ አንድ ቃል ሳይናገርም ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቆቡን አቃና፣ ደግሞ ጠረገ። ይህ በመጽሐፉ ውስጥ አልነበረም! የፊልሙ ሰዎች ከራሳቸው የጨመሩት ነው፤ ሚደቅሳም ሳይዘጋጅ ተያዘ። ከፊት የተቀመጡት ጓድ በድሉ ደግሞ፣ የመዝጊያ ንግግራቸው ስለ ደረሰ፣ በዚያችው ቅጽበት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቆባቸውንም አቃኑ። አለቃው ጠረገ፣ ጓድ በድሉ ጠረጉ፤ ወይ ጉድ! የሚደቅሳ ትከሻ ተናወጠ፣ ሆዱ ታመሰ፣ ዕንባው በጉንጩ ላይ ወረደ። ድምፅ ግን አልወጣም።

መብራት በራ። ጓድ በድሉም ዞረው ያንን ዕንባ አይተው፣ ልባቸው ተነክቶ እንዲህ አወጁ፦

«ጓዶች! ይህን ሰው እዩት! የጠላትን ሤራ አይቶ ያለቀሰ እውነተኛ አብዮታዊ! እኔ እንኳ በጥርጣሬ አየው ነበር። አዳራሹ ተፈቅዶለታል። ከዛሬ ጀምሮም የቀበሌያችን የንቃት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኗል፤ በየስብሰባው ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ተቀምጦ የሚሥቀውን ይጠቁማል!»

ጠጅቱ ወሬውን ስትሰማ እልልታዋን አቀለጠችው። በሚደቅሳም ክንድ ላይ ቀይ ጨርቅ ታሰረ፤ በማግሥቱ ሱቁ የመጣ ደንበኛ ሁሉ ዓይኑን መስተዋቱ ላይ ተክሎ፣ ቃል ሳይተነፍስ ተቆርጦ ሄደ።

ጥር ጠባ፣ የአምቦም ሰው መጣ። አዳራሹ በሰው ሞላ፤ ጠላው ግሩም፣ ሙሽራዪቱም ዓይን የምታፈዝ ነበረች። ሚደቅሳ ቀዩን ጨርቅ አውልቆ ኪሱ ቢከተውም የረሳለት ሰው አልነበረም። ዘፈኑ እንደ መዝሙር ተዘፈነ። እማማ ሎሚ ጠላቸውን በዝምታ ጠጡ። አንደኛው ሚዜ የወጥ ሳህን እንደ ያዘ አንሸራትቶት በቂጡ ቁጭ ሲል፣ ያ ሁሉ ሰው ከንፈሩን ነክሶ ወደ ሙሽራዪቱ አባት ተመለከተ። አያንቱም ተመለከተችው።

ሚደቅሳ ይህን መቻል አቃተው። አግዳሚ ላይ ወጥቶም አዋጅ ነገረ፦

«ወገኖቼ፣ በማርያም ሣቁ! የልጄ ሠርግ ነው እኮ! የሚጠቁም የለም፣ እኔው ነኝ፣ ሚደቅሳ!»

ምሳሌ ሊሆናቸውም ራሱ ሣቀ፤ በትከሻው ሣቀ፣ በሆዱ ሣቀ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ከኋላ፣ በእስር ቤት ትምህርት የቀሰመው ቱሉ ብድግ ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ፤ አዳራሹም ሁሉ ተነሥቶ፣ በስብሰባ እንደሚደረገው፣ በአንድነት አጨበጨበ። አያንቱ ፊቷን በቬሎዋ ሸፈነች።

እንግዲህ ከጸጉር አስተካካዮች ወገን እንደ ሚደቅሳ ያለ ማን ተነሣ? ሰላዮችን በጥርሱ የመከተ፣ አዳራሽን በዕንባው የማረከ፣ ሕዝበ ልደታን በአንድ እግሩ ያቆመ፣ የልጁን አደራ አንዲት ነገር ሳያጎድል የፈጸመ! ስሙ ከፍ ከፍ ይበል፤ በገዛ ልጁ ሠርግ፣ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት፣ ብቻውን እስኪደክመው ሣቀ።