ቀለም አይዋሽም

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ሸዋ ሮቢት ላይ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ጋሼ አየለ ናቸው፤ የሙያቸው ዘርፍም የውሻ ዓይነ ምድር ነው። ሠላሳ ዓመት ከብት ሲከትቡ የቀወትን ወረዳ በእግራቸው አዳርሰው ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው ሞቱ፤ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ገቡ። የቀራቸው ዱላቸውና ታዛቢ የሚባለው ውሻቸው ነው።

ጠዋት ፀሐይዋ ሳትከር ይወጣሉ። መንገድ ላይ የወደቀ ካገኙ ቁጢጥ ብለው በዱላቸው ጫፍ ገለጥ ያደርጉና ፍርድ ይሰጣሉ። "እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ጨጓራው እየደማ ነው። ቀይ ከታየበት ደሙ ከታች ነው። ቢጫ ከሆነ ጉበቱን ጠርጥሩ። እንደ ኖራ ከነጣ አጥንት አብዝቷል። ቀለም አይዋሽም!" ሰው ቁርስ ላይ ይሁን አይሁን ግድ የላቸውም። አንዴ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስለ ሟቹ ውሻ ጉበት አንስተው ሐዘንተኛውን አስቀውታል።

ለውሻ አዝነው ብቻ እንዳይመስላችሁ። "ደህና አደራችሁ?" ሲሉ ሰው "እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ ወደ ሥራው ይገባል። "የውሻሽ ሆድ እንዴት ነው?" ሲሉ ግን ወሬው ይቀጥላል፤ አንዳንዴም "ይግቡ እንጂ ጋሼ" ይባላሉ። ያቺን "ይግቡ" ይወዷታል፤ ቤታቸው የሚያናግራቸው ሰው የለም።

ታዲያ ዘንድሮ ሑዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገቡ። ጋሼ አየለ ሲጾሙ ታዛቢም ይጾማል፤ ማሾ የሚባለውን ጥራጥሬ እየቀቀሉ ነው የሚያበሉት። አንድ እሑድ ጠዋት ከወይዘሮ አስካለ ደጅ ላይ እንደ ኖራ የነጣ አገኙ።

"አስካለ! በሑዳዴ ይሄ ውሻሽ አጥንት ከየት አመጣ?" አሉ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሁሉ ቆመ። አስካለ እንባዋ መጣ።

"እኔን ነው ጾም ገዳፊ የሚሉኝ? ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጡ!"

"እኔ ምን አልኩ? ቀለሙ ነው ያለው።"

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ውሻው አጥር ሾልኮ፣ ከጎረቤቷ ከዘምዘም ጓሮ ከአፍጥር የተረፈ አጥንት ሲቆረጣጥም ተያዘ። ቀለሙ አልዋሸም፤ የተሳሳቱት ጋሼ አየለ ናቸው። ይቅርታ ሊጠይቁ ሄደው አስካለ በሯን አልከፈተችም። ሌላውም "ነገ በእኔ ነው" ብሎ እሳቸውን ሲያይ መንገድ ይቀይር ጀመር። ዱላቸውን ከበሩ ጀርባ አቁመው ሰባት ቀን ቤታቸው ተቀመጡ። ከቆላው ሙቀት ይልቅ ዝምታው ከበዳቸው። ለታዛቢ ማውራት ሞከሩ፤ ታዛቢ እንቅልፉን ተኛ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ዘምዘም ናት። በሁለት ፌስታል የተጠቀለለ ነገር ክንዷን ዘርግታ፣ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ይዛለች።

"ጋሼ አየለ፣ ለማሾዬ ጥበቃ ውሻ አምጥቼ ነበር፤ የሆዱ ነገር አላማረኝም። እስቲ ቀለሙን ይዩልኝ። ወላሂ፣ ይሄን ነጃሳ ነክቼ ሰባት ጊዜ ነው የምታጠበው።"

መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። ዱላቸውን ከበሩ ጀርባ አነሱ። ዘምዘም ፌስታሉን መሬት ላይ ፈታ አስቀመጠችላቸው። ቁጢጥ ብለው ገለጥ አደረጉት። ቡናማ ነው፣ ጠንከር ያለ፣ የጤነኛ ውሻ። መሐሉ ላይ አረንጓዴ የማሾ ልጣጭ አለበት። በሰፈሩ ለውሻ ማሾ የሚቀቅል ከእሳቸው በቀር ማንም የለም። ታዛቢ ጎሕ ሲቀድ እዚሁ ደጃቸው ላይ የጣለው ነው። ዘምዘም ውሻ የላትም።

ቀና ብለው አዩዋት። እሷ አጥሩን ታያለች። 

"ምን ይላል ጋሼ?"

ጋሼ አየለ በሙያ ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሹ።

"ትንሽ ያሰጋል" አሉ። "በአንድ ቀን አይታወቅም። ነገም ይዘሽ ነይ።"

"ኢንሻአላህ አመጣለሁ" አለች ዘምዘም፣ የነካችበትን ክንዷን ከልብሷ አርቃ እንደዘረጋች።