ዘሀራ በቴኒስ ሜዳ የታየች ቀን

ስልክ ናፍቆትን አቃለለ የሚሉ ሰዎች አሉ። አንዳቸውን ባገኝ አንድ ነገር ብጠይቅ ደስ ይለኛል፦ ወንድሜ፣ የናፈቀህ ሰው ድምፅ ብቻ ነበር እንዴ? ፊት የለውም? ባለቤቴ ዘሀራ ዐረብ አገር ከሄደች ሦስት ዓመት ሆናት። ድምፅዋን በየጁምዓው እሰማለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ሽንኩርቱን ትጠይቀኛለች፣ ዝናቡን ትጠይቀኛለች፣ የሸዋ ሮቢትን ሙቀት ሳይቀር እንደ ዘመድ ደህና ነው ወይ ትላለች። ፊቷ ግን እየደበዘዘብኝ ሄደ። አንድ ቀን ሽንኩርት ሳጠጣ፣ ጉንጯ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ በግራ ነበረች በቀኝ ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ውሃው ከቦዩ ወጥቶ የጎረቤቴ ማሾ ውስጥ ገባ።

በምስል አታወሩም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሞክረናል። የእኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ስለሆነች የጎረቤቴን ተውሼ ደወልኩ። ዘሀራ ግን ከሰባት ሴቶች ጋር ነው የምታድረው፤ ሁሉም ከሥራ ገብተው ሻሻቸውን አውልቀዋል። ፊቴን ላሳይህ ብትል ከኋላዋ ያሉት ሊታዩ ነው። እሷ ደግሞ የሰው ገመና አታሳይም። ስልኩን ወደ ግድግዳው አዞረችው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ግድግዳ አየሁ። ንጹሕ ግድግዳ ነው፣ አልዋሽም።

አንድ ጁምዓ ታዲያ ደወለችና ነገ ዓለም ሁሉ የሚያየው ቦታ ነው የምሠራው አለችኝ። የጽዳት ድርጅቷ ትልቅ የቴኒስ ውድድር ላይ መድቧታል። የሴቶች ጥንድ ፍጻሜ ነው፤ ሁለት ሴቶች በዚህ፣ ሁለት ሴቶች በዚያ። «ከሜዳው ጥግ፣ በሩ አጠገብ፣ አረንጓዴ ሻሽ አስሬ እቆማለሁ። ምናልባት ታየኝ ይሆናል» አለች። «ምናልባት» የሚለውን ቃል እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

በማግስቱ ዙሁር ሰግጄ በቀጥታ ጀማል ዲሽ ቤት ሄድኩ። ጀማል የዘሀራ የአክስት ልጅ ነው። ቤቱ የእንግሊዝ ኳስ የሚታይበት ስለሆነ ደጁን ረግጬው አላውቅም። ስገባ ወጣቶቹ በሙሉ ብድግ አሉ፤ ሰው የሞተ መስሏቸው ነው። «ጀማል፣ ሴቶች ቴኒስ የሚጫወቱበትን ክፈትልኝ» አልኩት። ሁሉም ዞረው አፈጠጡብኝ። ከመስጊድ የማይለይ ሰው እንዲህ ሲል ቢያፈጡበት ይፈረድባቸዋል? አንዱ ብቻ ቀስ ብሎ «ጋሼ ሰይድ፣ እርስዎም?» አለኝ። ነገሩን አስረዳኋቸው። ዘሀራ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሳምቡሳ ስትሸጥ ገዝቶ ያልበላ በዚያ ቤት አልነበረም። ኳሱ እስኪጀመር ብለው ፈቀዱልኝ።

ቴኒሱ ተከፈተ። ላ ኢላሀ ኢለላህ! ስለ ልብሱ ዘሀራ አልነገረችኝም። የተጫዋቾቹን ቀሚስ የሸመነው ሰው መሐል ላይ ክር ያለቀበት ይመስላል። ምን ላድርግ? ወይ ኃጢአት ነው፣ ወይ ሚስቴን ማጣት። እንደ ትልቅ ዓሊም አሰብኩና ለራሴ ፈትዋ ሰጠሁ፦ ከሩቅ ሲታዩ እንደ ቃሪያ ችግኝ ናቸው፣ ችግር የለውም፤ የሜዳውን ጥግ ብቻ አያለሁ። ቴሌቪዥኑ ሲያቀርባቸው ግን ዓይኔን ሰብሬ «አስተግፊሩላህ» እላለሁ። ልጆቹ ወዲያው ነቁብኝ። አንድ እግር በቀረበ ቁጥር «ጋሼ፣ ይዩ እንጂ! አመለጠዎት!» እያሉ ይስቁብኛል።

ጥጉን እያየሁም ቢሆን ከጨዋታው አንድ ነገር ገባኝ። ቁጥሩን አይደለም፤ እሱን የሚያውቀው አላህ ነው። አንዷ ስትስት ሌላዋ አትቆጣትም፤ ጠጋ ብላ መዳፏን ነካ ታደርጋታለች። ሲያገቡም መንካት፣ ሲስቱም መንካት። አንዷ ወደ ፊት ስትወጣ ሌላዋ ሳይነገራት ኋላዋን ትጠብቃለች። እኔና ዘሀራም እንዲህ ነበርን። እኔ ውሃውን ስለቀው እሷ ከመደቡ ጫፍ ቆማ ትቀበለዋለች፤ ያዥው፣ ልቀቀው ተባብለን አናውቅም። አሁን እኔው እለቃለሁ፣ ሮጬ ደግሞ እኔው እቀበላለሁ። ዓይኔን በእጄ ጀርባ ጠረግኩ። የጀማል ማራገቢያ አቧራ ነው አልኩ።

ጨዋታው እንዳያልቅብኝ የሚሸነፉትን መደገፍ ጀመርኩ። እነሱ ካገገሙ ነገሩ ይረዝማላ! በዚህ መሐል አንዷ እግሯን ወለም አላት። ጨዋታው ቆመ፤ ቴሌቪዥኑም ያን እግር እንደ ጨረቃ አቀረበው። ዓይኔን ሰበርኩ። ልጆቹ ጮኹ። «ጋሼ ሰይድ! ይዩ! ይዩ እንጂ!» ዛሬስ አበዙት ብዬ አንገቴን ጭራሽ ደፋሁ። «ወላሂ ይዩ!» አለ ጀማል። በወላሂም መቀለድ ጀመሩ ብዬ አዘንኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ለሁሉም ምሕረት ለመንኩላቸው።

ጀማል ትከሻዬን ይዞ ሲነቀንቀኝ ቀና አልኩ። ችግኞቹ ተመልሰው ይሯሯጣሉ። «አላዩዋትም?» አለኝ።

ዘሀራ ነበረች። ለተጎዳችው በረዶ ይዛ ገብታ፣ ጎንበስ ብላ አቀብላ፣ ቀና ብላ ሻሿን አስተካክላ፣ ቴሌቪዥኑን ሞልታው ነበር። የሸዋ ሮቢት ወጣት ሚስቴን ጠግቦ አየ። እሷን ማየት ሐላል የሆነለት አንድ ሰው ግን መሬት መሬት ያያል።

የኳሱ ሰዓት ደረሰ፤ ማንም ቀይረው አላለም። ቴኒሱ እስኪያልቅ ዝም ብለው ተቀመጡልኝ። ዘሀራ አልተመለሰችም።

ማምሻውን ደወለች። «አየኸኝ?» አለች። ልዋሻት አፌን ከፍቼ ነበር፤ አላስቻለኝም፣ እውነቱን ነገርኳት። ሳቀች፤ ሳቋ መጨረሻው ላይ ሌላ ነገር ሆነ። «አንተ ሰውዬ፣ ለእኔ ስትል አንድ ቀን ብታጠፋ ምን ነበር?» አለችኝ። «ያጠፋሁትማ ባለማየቴ ነው» አልኳት።

አሁን ፊቷ ሲጠፋብኝ ጀማል ቤት ጎራ እላለሁ። ልጆቹ ይነግሩኛል። አንዱ ከስታለች ይላል፣ ሌላው የለም ቀልታለች ይላል፣ ጀማል ሻሿን እንዴት እንዳስተካከለች በእጁ ያሳየኛል። እስኪ ድገሙልኝ እላለሁ፤ ይደግሙልኛል። አንዳንዴ ታዲያ ራሳቸውን ይረሱና ስለ ዓይኗ ማማር፣ ስለ ፈገግታዋ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ እቆጣለሁ።

«በቃ! በቃ!» እላቸዋለሁ። «የሰው ሚስት እኮ ናት!»