ለሁሉም ኪስ የሚሆን ማዕድ

ያቺ ከተማ ታላቅ ከተማ ነበረች። ታላቅነቷን ማንም አይክድም፤ የሚክድ ቢገኝ የከተማዋ የእንግዳ አቀባበል ጽሕፈት ቤት ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ ያስተባብላል። ከሰማንያ አገር የመጣ ሕዝብ በአንድ አውቶቡስ ተጋፍቶ ይሳፈርባታል፤ በአንድ መንገድ ላይ ብቻ በአሥራ ሁለት ቋንቋ የተጻፈ የምግብ ዝርዝር ተለጥፎባታል። ታዲያ አንድ ቀን አንድ መንገደኛ ሻንጣውን እየጎተተ እዚሁ ጽሕፈት ቤት ድረስ መጣና የት ቢበላ እንደሚሻለው ጠየቀ። ጽሕፈት ቤቱ በሃያ ሦስት ዓመት ዕድሜው እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦለት ስለማያውቅ፣ ሰውየው ረሃቡን ዘርዝሮ በማመልከቻ እንዲያቀርብ በትሕትና ተነገረው። መንገደኛው እንደራበው ሄደ። ጽሕፈት ቤቱ ግን የተጠየቀውን የሚረሳ አልነበረም፤ በሦስተኛው ወር ኮሚቴ አቋቋመ።

ኮሚቴው «የቅምሻ ዐቢይ ኮሚቴ» ተባለ። ተልዕኮው፣ ማንኛውም ሰው በማንኛውም አቅም የት ገብቶ መብላት እንደሚችል የሚያመለክት መጽሐፍ ማዘጋጀት ነበር። ሰብሳቢው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ራሳቸው ናቸው። በመክፈቻው ዕለት አንድ ሰዓት ከሩብ ተናገሩ፤ መብላት ከመኖር ጋር ያለው ቁርኝት በጥናት የተረጋገጠ መሆኑንም ገለጹ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ሥራው በሦስት ተከፈለ፤ ከፍተኛ አቅም፣ መካከለኛ አቅም፣ ዝቅተኛ አቅም። ለከፍተኛው ፈቃደኛ ሲጠየቅ አምስቱም አባላት እጃቸውን አወጡ፤ ሰብሳቢው ሁለቱንም እጃቸውን አወጡ። ለመካከለኛው ሁለት ሰዎች በዕጣ ወጥተው እንደ መርዶ ተቀበሉት። ዝቅተኛው ሲነሳ ግን ሁሉም ጠረጴዛውን ገና ዛሬ እንዳየው ሰው አተኩሮ ይመለከት ጀመር። አራሚው የተጠራው ያን ጊዜ ነው።

አራሚው በፎቶ ኮፒ ማሽኑና በመስኮቱ መካከል ተሸጉጦ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሌላውን ሰው ደብዳቤ ሲያርም የኖረ ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ «ነጠላ ሰረዝ» ይለዋል፤ ቀጠን ብሎ ጎንበስ ያለ፣ ሁሉም ሳያየው የሚያልፈው ሰው ስለሆነ።

«አንተ፣ ምሳህን የት ነው የምትበላው?» አሉት ሰብሳቢው።

«ጎማ ቤቱ ጀርባ ነው ጌታዬ።»

«በል እንግዲህ፣ ዝቅተኛው አቅም ያንተ ነው። በዘርፉ የካበተ ልምድ አለህ።»

የከፍተኛው አቅም ንዑስ ኮሚቴ ራሱን ሳይሳሳ ለሕዝብ ሰጠ። ሃያኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ምግብ ቤት በትልቅ ሳህን ላይ አንድ ቅጠልና ሦስት ጠብታ መረቅ አቀረበላቸው። አባላቱ በልተዋል ወይስ አልበሉም የሚለው ጉዳይ ስላከራከራቸው፣ ነገሩን ለማጣራት አራት ጊዜ ተመለሱ። የመካከለኛው ንዑስ ኮሚቴም በታዛቢነት አብሮ ተገኘ። በአምስተኛው ወር የሰብሳቢው ኮት አልቆለፍ አለ፤ ይህም በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ተብሎ በግል ማኅደራቸው ተመዘገበላቸው።

ነጠላ ሰረዝ ደግሞ በደስታ እግሩ መሬት አልረገጠም። በዕድሜው የራሱን ዓረፍተ ነገር ጻፍ ያለው ሰው አልነበረም። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ አዲስ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ጎማ ቤቱ ጀርባ ወዳለው ወደ እትዬ ጭልፋ ቤት ሄደ።

የእትዬ ጭልፋ ቤት አራት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ምድጃና የጎማ ክምር የሚያሳይ አንድ መስኮት ነው። የሚቀርበው የምስር ሾርባ፣ የተቀቀለ ድንችና ትኩስ ዳቦ ነው፤ ሌላ ነገር የሚፈልግ ሌላ ቤት ይሂድ። ጎማ ጠጋኞችና የአውቶቡስ ሾፌሮች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይበላሉ። ሴትዮዋ ጭልፋውን ከእጃቸው አይለዩትም፤ ሳህኑ ጎደል ሲል ሳይጠየቁ ይጨምራሉ፤ የጨመሩለት ሰው «በቃኝ» ቢል እንዳልሰሙ ያልፉታል። ነጠላ ሰረዝ ስለ መጽሐፉ ሲነግራቸው ግን ጭልፋው አየር ላይ ቀረ።

«አደራህን ልጄ፣ እኔን እንዳትጽፈኝ።»

«እትዬ፣ ጥሩ ጥሩውን እኮ ነው የምጽፈው።»

«እሱን ነው የፈራሁት።»

ሳምንቱን ሙሉ ነገሩ ከነከነው። ሌላ ቤት ሊፈልግም አስቦ ነበር። ችግሩ፣ ዓረፍተ ነገሯ አስቀድማ መጥታለች፤ «እዚህ ቤት የገባ ሰው፣ ሾርባው ሳያልቅ ሐሳቡ ያልቃል።» አሥራ ዘጠኝ ዓመት «በመሆኑም» እና «ስለሆነም» ሲለቅም የኖረ ሰው እንዲህ ያለች ዓረፍተ ነገር በእጁ ገብታ እንዴት ይጣላት? ጻፋት። በጻፈም ቀን እንደ ተሾመ ሰው ደረቱን ነፍቶ ወደ ቤቱ ገባ።

ኮሚቴው ጽሑፉን ወደ ደረጃው ከፍ አደረገው። «ጎማ ቤቱ ጀርባ» የሚለው «ከተሽከርካሪ እግር ጥገና ማዕከል በስተኋላ» ሆነ። ዓረፍተ ነገሯም «ተቋሙ የተገልጋይን ሐሳብ በማስጨረስ ረገድ የላቀ አፈጻጸም አስመዝግቧል» ተባለች። ነጠላ ሰረዝ የሟቿን ዓረፍተ ነገር የፊደል ስህተት ራሱ ለቅሞ ወደ ማተሚያ ቤት ላካት።

መጽሐፉ ወጣ። ባለ ከፍተኛ አቅሙ ዝቅተኛ አቅም የሚለውን ምዕራፍ ገልጦ አነበበ፤ ባለ መካከለኛ አቅሙም እሱኑ፤ ባለ ዝቅተኛ አቅሙ መጽሐፉን የሚገዛበት አልነበረውምና የድሮ ቦታው ላይ ተቀምጦ ሲበላ ከነሳህኑ ተገፍቶ ወጣ። ሰልፉ ጎማ ቤቱን ዞሮ ዋናው መንገድ ደረሰ። ሰው ሁሉ ሾርባውን ፎቶ ሲያነሳ ያቀዘቅዘውና ቀዘቀዘ ብሎ ይመልሰዋል። ተቆጣጣሪ መጥቶ ጭልፋውን ለካና እጀታው ከደረጃው በሦስት ሴንቲ ሜትር ማነሱን አረጋገጠ። ከወር በኋላ አግዳሚዎቹ ወጥተው ነጭ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች ገቡ፤ የምስር ሾርባውም «የምስር ትዝታ» ተብሎ በሰፊ ሳህን መሐል እንደ ኩሬ ይቀርብ ጀመር።

አንድ ቀን ነጠላ ሰረዝ እንደ ልማዱ ሊገባ ሲል፣ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ በሩ ላይ ገታው።

«ቦታ አስይዘዋል?»

እትዬ ጭልፋ ከውስጥ አይተውት ወጡ። ጭልፋው በእጃቸው አልነበረም። እስከሚመጣው ወር መጨረሻ ሁሉም ወንበር መያዙን እየተሽኮረመሙ ነገሩት። ይቅርታ ሊጠይቃቸው ሲጀምር አቋረጡት።

«ምን ይቅርታ ትለኛለህ? ‹የላቀ አፈጻጸም› ብለህ ጽፈህልኝ፣ ምን ማለት እንደሆነ ባላውቅም አልቅሻለሁ» አሉት። ቀጥለው ዞር ብለው ቤታቸውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን ልጄ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው እንኳ ጨምሪልኝ ብሎኝ አያውቅም።»

ያን ቀን ነጠላ ሰረዝ ምሳ ሳይበላ ተመለሰ። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጦ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አንድም ስህተት ማረም አልቻለም።

መጽሐፉ ተሟጦ ስላለቀ ሁለተኛ እትም ታዘዘ። የእትዬ ጭልፋ ቤት በዕድገት ወደ ከፍተኛ አቅም ተዛወረ፤ ንዑስ ኮሚቴውም ወዲያውኑ አራት ጊዜ ሊያጣራው ቦታ አስያዘ። የዝቅተኛው አቅም ምዕራፍ ግን ባዶ ቀረ። ነጠላ ሰረዝ በአሥር ቀን ውስጥ አዲስ ቤት እንዲያገኝ ታዘዘ።

አገኘም። ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጀርባ፣ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ ፀሐይ ላይ ባወጡት ወንበር ሰው አስቀምጠው እንቁላልና ድንች ይጠብሳሉ። ነጠላ ሰረዝ በላ፤ ጣቱን ላሰ፤ ግራና ቀኙን አየና ማስታወሻ ደብተሩን ከኪሱ ሳያወጣ ተነስቶ ሄደ። በዚያ ሳምንት አራት ቀን ተመላለሰበት። አንዲት ቃል አልጻፈም።

ነገር ግን ምዕራፉ መሞላት አለበት። አስቦ አስቦ የመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት ያለው የሠራተኞች መመገቢያ ትዝ አለው። እዚያ ሩዙ እንደ ጡብ ተጣብቆ በቢላዋ እየተቆረጠ ይታደላል፤ ሻዩ ሾርባ ሾርባ ይላል፣ ሾርባው ሻይ ሻይ። አንድ ጊዜ የገባ ሠራተኛ ሁለተኛ አይገባም። ይህን ቦታ ቢጽፍ ማን ይጎዳል? የሚጻፈውንም በጥንቃቄ መረጠ፤ «ዋጋው ርካሽ ነው። ወንበር አይጠፋም። ወረፋ የለውም።» ሐሰት የምትባል ቃል አልነበረችበትም። ኮሚቴው «ተወዳዳሪ የሌለው» የሚል ጨመረበትና፣ ምሳ ላይ ስለነበር ሳያነብ ፈረመ።

በሁለተኛው እትም ምረቃ ቀን ከንቲባዋ ጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ተገኙ። ሰባት ንግግር ተደረገ። ሰብሳቢው ሃያኛ ፎቅ ላይ ለክብርት ከንቲባ ጠረጴዛ አስይዘው ነበር፤ ክብርት ከንቲባ ግን ካሜራ በበዛበት ቦታ ሁሉ ትሑት ናቸው።

«እኔ ዛሬ እንደ ማንኛውም ነዋሪ ዝቅተኛው አቅም ላይ ነው የምበላው» አሉና መጽሐፉን ገለጡ። «ይኸው፣ ደግሞ እዚሁ ከእግራችን ሥር ነው።»

ሰብሳቢው አመድ መሰሉ። ሕዝቡ ተግተልትሎ ደረጃውን ወረደ። ሩዙ ተቆረጠ። ከንቲባዋ አንድ ማንኪያ ጎረሱ፤ ለረጅም ጊዜ አላመጡ፤ ካሜራዎቹ ተጠጉ።

«ማለፊያ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

እንባው በዜና የደስታ ተባለ። ወዲያውም ክብርት ከንቲባ፣ ይህን የመሰለ ሀብት ከምድር ቤት ቆፍሮ ያወጣው ኮሚቴ፣ አራሚውን ጨምሮ፣ ጥራቱን ለመከታተል በየሥራ ቀኑ ምሳውን እዚያው እንዲበላ መመሪያ ሰጡ። ሁለተኛውን ማንኪያ ሳያነሱም ለአስቸኳይ ስብሰባ ተጠሩ።

በማግስቱ ልክ በስድስት ሰዓት፣ የልብስ ሰፊው ጀርባ ፀሐይ ሞቅ ባለበት ሰዓት፣ ኮሚቴው ምድር ቤት ተሰየመ። ነጠላ ሰረዝ በአንድ እጁ ማንኪያ፣ በሌላው ቃለ ጉባኤ ያዘ። አጀንዳው አንድ ነበር፤ የምግቡ ጣዕም። ውይይቱ በማኘክ ምክንያት ስለተጓተተ ሰብሳቢው ድምፅ እንዲሰጥ አደረጉ። ምግቡ ጣፋጭ እንዲሆን በሰባት የድጋፍ ድምፅ ተወሰነ፤ የተቃወመ የለም። ድምፀ ተዓቅቦ ያደረጉት አንድ ሰው ብቻ ሲሆኑ፣ እሳቸውም የወጥ ቤቱ ኃላፊ ናቸው።