ባዶ ወንበር ላይ የነበረችው አራስ

እኛ ሰዎች ደህና ዕቃ እጃችን ሲገባ መጀመሪያ የሚታየን መጠቀሙ አይደለም፤ መቆለፉ ነው። እስቲ ቤትዎን ይመልከቱ። እንግዳ ሲጠብቁ ያረጁ ብርጭቆዎች ቡፌው ውስጥ የሉም? ሶፋውስ የተገዛበትን ላስቲክ እንደለበሰ አይደል? አይፈሩ፣ እኛም አንሻልም። ደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍሉን የምጠብቀው እኔ ነኝ። አርባ ኮምፒውተሮቻችን ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ጨርቅ ይለብሳሉ፣ መብራቱ ይጠፋል፣ በሩ ይቆለፋል፤ እስከ ሰኞ ጠዋት አርፈው ይተኛሉ።

እንቅልፍ ያጣችው ዘይነባ ናት። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪያችን ዘይነባ፣ የጮቄ ተራራ ደን ምን ያህል እንደተመናመነ ከሳተላይት ፎቶ እያጠናች ሳለ ልጇ ከመመረቂያ ጽሑፏ ቀድማ ተወለደችና ጉንደ ወይን፣ ከወላጆቿ ሱቅ ጀርባ አራስ ተኛች። ጽሑፉ ሰኞ ካልገባ ዓመቷ ተቃጠለ። ያን ሁሉ ፎቶ የሚፈጭ አቅም ደግሞ አሮጌ ላፕቶፗ የላትም፤ ትንሽ ታጓራና ቀጥ ትላለች።

ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ በሥራ ፈት ኮምፒውተሮቻችን ክፍል በማይኖርበት ሰዓት ተማሪዎች ካሉበት ሆነው በኢንተርኔት ቢሠሩባቸውስ አልሁ። ተፈቀደ። ቅዳሜ ጠዋት አንዱን ከፈትሁላት፣ ዘይነባም ከአልጋዋ ሆና ሥራውን አስጀመረች፣ እኔም ኮራ ብዬ ምሳ ወጣሁ።

ገና እጄን ሳልታጠብ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ጠፋ! ሁሉም ጠፋ!» ዘይነባ ልታለቅስ ነው፤ ሕፃኗማ ጀምራለች።

ሮጬ ስደርስ የንብረት ኃላፊያችን አቶ ይመኑ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍተው ቁልፉን እያዞሩ ነው። ስብሰባው ላይ አልነበሩም። ክፉ ሰው አይደሉም። እሳት ይፈራሉ እንጂ።

«ሰው እየሠራበት እኮ ነው!» አልኋቸው።

«የታለ ሰውየው?» ባዶውን ወንበር አሳዩኝ።

«ሴት ናት። ጉንደ ወይን ነው ያለችው።»

«ታዲያ እዚህ ማን ፈረመልኝ?»

ስለ ኢንተርኔት ማስረዳት ጀመርሁ፤ እሳቸው አልገባቸውም፤ እውነቱን ለመናገር፣ እያስረዳሁ ስሄድ ለእኔም እየጠፋኝ መጣ። ቢቸግረኝ ስልኩን ሰጠኋቸው።

«ልጄ፣ ለምን እዚሁ መጥተሽ አትሠሪም?»

«አራስ ነኝ ጋሼ፤ ገና ዘጠኝ ቀኔ ነው። እባክዎ፣ እስከ ማታ ብቻ ይተዉልኝ።»

አቶ ይመኑ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አራስ ላይ ነው እንዴ መብራት ያጠፋሁት!»

በሩ ተከፈተ፣ መብራቱ በራ፣ ዘይነባ እንደገና አስጀመረች። እሳቸውም ከባዶው ወንበር አጠገብ ሌላ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ይሂዱ፣ እኔ አለሁ ብላቸው በጄ አላሉም። በመተላለፊያው ጮክ ብሎ የሚያወራ ሲያልፍ ብቅ እያሉ «ቀስ በሉ፣ አራስ አለች!» ይላሉ። ደግሞ ስልክ ይደውላሉ፤ «ልጄ፣ ግማሽ ደርሷል። አንቺ ትንሽ ጋደም በይ፣ እኔ አየዋለሁ።» አመሻሽ ላይ ሥራው አለቀ፤ ሰኞ ጽሑፉ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍሉን ክፍት የሚያደርጉት አቶ ይመኑ ናቸው፤ ከሩቅ በኢንተርኔት ገብቶ ለሚሠራ ሁሉ በመዝገቡ ላይ ራሳቸው ይፈርሙለታል። እኔም በድሉ ሰክሬ፣ ዘይነባ የአራስ ገንፎ ኑ ብሉልኝ ብላ ስትጠራን፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ በቪዲዮ ደውለን እንኳን ደስ ያለሽ እንበላት አልሁ።

አቶ ይመኑ በሐዘኔታ አዩኝ። «ገንፎውንም በኢንተርኔት ልትበላ ነው?»

እሑድ በመጀመሪያው መኪና ሄድን። ሁለቴ አስጨመርሁ።