ወተት ቢሮ ውስጥ ሰው የለም

ሰው የገዛ ሆዱን አያውቅም። ፊቱን በመስታወት ያያል፤ ሆዱን ግን ሰው ፊት ካላዋረደው በቀር ከየት ያውቀዋል? ምነው ሳቅህ? ቆይ፣ ላንተም ይደርሳል።

ነገሩ ክልል የሚባለው አዲስ የመጣ ሰሞን ነው። አሶሳ ያኔ ቢሮው ሁሉ ሰሌዳ እንጂ ወንበር አልነበረውም። የእህቴ ልጅ ግርማ ላቦራቶሪ ተምሮ ከወሎ ተመድቦ መጣና እኔ ዘንድ አረፈ። እኔ በሰፈራው ጊዜ የመጣሁ ነኝ። ታዲያ ልጁ ወተት አይጠጣም! ጎረቤት ሲሰጠው ይሸሻል። እኔ ደግሞ አልምርም፤ «ማይክሮስኮፕ የሚያዝዘውን ጎበዝ ላም አሸነፈችው» እያልኩ ሰፈሩን አስቅበታለሁ።

እሱ አይናደድም። የትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ኢንዛይም የሚባል ነገር አለ፣ የወተትን ስኳር እሱ ነው የሚሰነጥቀው፣ ጡት ከጣልን በኋላ ግን ብዙ ሰው ላይ እየቀነሰ ይሄዳል አለኝ። እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ግን ገባኝ። ወተት ቢሮ አለ፣ ሠራተኛው የለም ማለት ነው። ልክ እንደ አሶሳ! ስኳሩ ፊርማ ሳያገኝ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ያሉት ጀርሞች ይቀበሉትና ከበሮ ይመታሉ።

«ያንተ ቢሮ ተዘግቷል፣ የኔ ግን ሥራ ላይ ነው» አልኩት። እውነቱን ልንገርህ? ትኩስ ወተት መቼ እንደጠጣሁ እንኳ አላስታውስም ነበር።

ግርማ ባምባሲ ላይ ጫልቱ የምትባል ልጅ ወደደ። አባቷ ኦቦ ዳባ ከወለጋ የመጡ ከብት አርቢ ናቸው። በሚቀጥለው እሁድ ሌላ ሰው ሽማግሌ ሊልክባት ነው ሲባል ልጄ እህል አልወርድለት አለ። «አጎቴ፣ አሁን ካላመጣሃት አለቀልኝ። ደግሞ ወተት ከሰጡህ እርጎ ጠይቅ። ሲረጋ ስኳሩ ይቀንሳል» ብሎ ለመነኝ።

«እኔን ወተት?» አልኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ! የአገሩን ተወላጅ፣ በርታውን ጎረቤቴን ሼህ ኢድሪስን ይዤ ሄድኩ።

በእኛ ደንብ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀምስም። ኦቦ ዳባ ግን በዚህ ቤት ወተት ሳይጠጣ የልጅ ነገር አይነሳም አሉ። ሁለት ትልልቅ ጣሳ መጣ፣ አሁን የታለበ። ሼህ ኢድሪስ የሳቸውን ገፋ አደረጉና በዚያ በበርታ አማርኛቸው፣ «ወተት እሱ ለእኔ ሆድ ጥሩ አይደለም። ውሃ ስጠኝ» አሉ።

ክው አልኩ። በቃ፣ ጋብቻው ፈረሰ! የራሴን ጨርሼ የሳቸውንም አንስቼ ጨለጥኩት። ለእህት ልጅ ያልሆነ ሆድ ለማን ሊሆን ነው?

ንግግሬን ጀመርኩ። ዘር ቆጠርኩ፣ የግርማን ጨዋነት አወራሁ፣ ነገር አስረዘምኩ። ልክ «ልጅዎን ለልጃችን» ስል ከኦቦ ዳባ በፊት ሆዴ መልስ ሰጠ። ያውም ጮክ ብሎ! በር ላይ የተኛችው ድመት ተነስታ ሄደች። ላብ አጠመቀኝ። «እንዲሰጡን» የምትለዋን ሳልደርስባት ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

አንዴ ብቻ መሰለህ? ሦስቴ! ማሽላው መሃል ቁጢጥ ብዬ የማስበው ግርማን ነው። ምን ብዬ ነው የምነግረው? ሚስትህን በሆዴ አስወሰድኩብህ ልበለው?

አንገቴን ደፍቼ ስመለስ ኦቦ ዳባ እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ።

«አይ አያ ሙላት! እኔ ራሴ ትኩስ ወተት ከተውኩ ስንት ዘመኔ! ልክ እንዳንተ ነው የሚያስሮጠኝ።»

«ታዲያ ለምን አጠጡን?»

«እንግዳ ናችኋ! እንግዳ ይከበራል። ለቤተሰብ የምንሰጠውማ አሬራ ነው።»

ከዚያ ወደ ጓዳ ዞረው ተጣሩ። «ጫልቱ! ለአማቶችሽ አሬራ አምጪላቸው!»

ሽማግሌ ሚስት የሚያመጣው በምላሱ ነው ይላሉ። ውሸት ነው!