ክቡር አቶ ኤቢሳ ዘሳላማንካ

ውጭ አገር ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ሲመለስ ዝም ይላል። አራት ወር የቆየ ግን ሌላውን ሰው አፍ አያስከፍትም። ይህ በኮተቤ የተረጋገጠ ሕግ ነው፤ የማያምን ካለ አያንቱን ይጠይቅ። አያንቱ ከበበ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ቀኑን ሙሉ ስልሳ ሕፃናት ሲንጫጩባት ውላ ቤት ስትገባ የሚጠብቃት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ክቡር አቶ ኤቢሳ ከበበ ዘሳላማንካ።

ኤቢሳ እንጦጦ ላይ እንግዳ ይዞ የሚወጣ አስጎብኚ ነው። የሚሠራበት ድርጅት ስፓኒሽ ተናጋሪ ጎብኚ ሲበዛበት፣ ቋንቋውን ተምሮ እንዲመጣ ሳላማንካ ወደምትባል የስፔን ከተማ ለአራት ወር ላከው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ማሪ ካርመን ከሚባሉ ባልቴት ቤት አሳረፈው። ሲሄድ ደህና ልጅ ነበር። ሲመለስ ግን ቦሌ ድረስ ሊቀበሉት የሄዱትን ቤተሰቦቹን እጁን ዘርግቶ በስፓኒሽ ሰላምታ «ኦላ!» አላቸው። አባቱ አቶ ከበበ በኦሮምኛ «ጎረቤት» ያላቸው መስሏቸው ክፉኛ ተቆጡ።

«የምን ጎረቤት! አባትህ ነኝ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «በስፔን እኮ…» ሳይል የዋለበት ቀን የለም። ከምሳ በኋላ ቤቱ ጸጥ እንዲል አዋጅ አወጣ፤ የሲየስታ ሰዓት ነው። ግድግዳ ለግድግዳ የሚጎራበታቸው ግን ብረት በያጁ ሙሐመድ ነው። ኤቢሳ በፒጃማ ወጥቶ የቀትር እንቅልፍ ለልብ ያለውን ጥቅም አንድ በአንድ አስረዳው። ሙሐመድ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እስኪጨርስ በትዕግሥት አዳመጠው።

«ወንድሜ፣ እንቅልፍህን እዚያው ጨርሰህ ብትመጣ ምን ነበረበት?» አለና ብየዳውን ቀጠለ።

የዕድሩን ሰብሳቢ ባለቤት ወይዘሮ የሺመቤትን መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ሁለቴ ብቻ ስሟቸው ዞር አለ። ሴትዮዋ ለሦስተኛው ጉንጫቸውን እንደዘረጉ አየር ላይ ቀሩ።

«በስፔን እኮ ሁለት ነው፣ እትዬ» አላቸው።

«ታዲያ ልጄ፣ አንዱን ጉምሩክ ያዘብህ?» አሉት።

ይህ ሁሉ ይሳቅበት ነበር። የማያስቀው እሑድ ዕለት መጣ። ክቡርነታቸው ማድ ቤት ገብተው፣ ግማሽ ሊትር ዘይት ጨርሰው፣ አንድ ክብ ነገር በሳህን ይዘው ወጡ። እናቱ ወይዘሮ አባይነሽ ቀመሱት።

«ይሄ ድንች በእንቁላል አይደለም እንዴ?»

«ቶርቲያ ነው፣ እማዬ። ምን ዋጋ አለው፣ እናቴ ስትሠራው ባየሽ!»

ማሪ ካርመንን ማለቱ ነበር። ኤቢሳ የተናገረው አልታወቀውም፤ ሁለተኛውን ቁራጭ አነሳ። ወይዘሮ አባይነሽ የያዙትን ቁራጭ ሳህኑ ላይ መለሱ። በማግስቱ ምስር እየለቀሙ ሳሉ፣ ቀና ሳይሉ፣ «እኔ እንግዲህ ሞግዚቱ ነበርኩ ማለት ነው?» ብለው አያንቱን ጠየቋት።

አያንቱ ደሟ ፈላ። ወንድሟን ግቢ ውስጥ ይዛ አፋጠጠችው።

«ስንት እናት ነው ያለህ አንተ?»

«በስፔን እኮ ቤቷ ያሳደረችህን ሴት እናት ማለት ነውር አይደለም።»

«እዚህ ግን የወለደችህ ሴት ጆሮ አላት!»

«ኮንሰርቫቲቭ ነሽ» አለና ገባ። አያንቱ ለሦስት ቀን አኮረፈችው። አለማናገሯንም ቢሆን ያወቀው አይመስልም፤ እሱ እንደሆነ መልስ ጠብቆ አያወራም።

ጥቅምት ላይ ማሪ ካርመን የእህታቸውን ልጅ ሉሲያን አስከትለው ሊመጡ ነው ተባለ። «ትምጣ» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ፤ ከዚያ በኋላ ቤቱን ሦስት ቀን አጠቡት። እንግዶቹ በሚገቡበት ቀን የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ሲቀመጡ፣ ችሎት ፊት ባላንጣውን የሚጠብቅ ሰው ይመስሉ ነበር።

የገቡት ግን አንዲት ደቃቃ፣ ጥቁር በጥቁር የለበሱ አሮጊት ናቸው። በቀጥታ ወደ ወይዘሮ አባይነሽ ሄደው ሁለት እጃቸውን ያዙና ይናገሩ ጀመር። ተናገሩ፣ ተናገሩ፣ መሐረባቸውን አወጡ፣ ደግሞ ተናገሩ።

«ስላገኘሁሽ ደስ ብሎኛል እያሉ ነው» ሲል ኤቢሳ ተረጎመ።

አቶ ከበበ ተጠራጠሩ። «ያን ሁሉ ተናግረው?»

«ስፓኒሽ ረጅም ቋንቋ ነው፣ አባዬ።»

ይህን ሲል ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አያንቱ ወንድሟን ታውቀዋለች፤ ጣሪያ ካየ የሚደብቀው አለ። ወደ ሉሲያ ጠጋ አለችና በእንግሊዝኛ፣ «አክስትሽ ምንድን ነው ያሉት?» ብላ ጠየቀቻት።

ሉሲያ ግራ ተጋባች። «ኤቢሳ አልነገራችሁም?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ማሪ ካርመን እዚያው ሕንጻ ላይ ብቻውን የሚኖር ወንድም ነበራቸው፤ ኤቢሳ በገባ በሁለተኛው ወር ሞተ። በዚያ ሕንጻ ሰው ሠላሳ ዓመት አብሮ ኖሮ ሊፍት ውስጥ አንገት ከመነቅነቅ አያልፍም። ከቀብር መልስ ሁሉም በሩን ዘጋ፤ ማሪ ካርመንም ብቻቸውን ቁጭ አሉ። ኤቢሳ ይህን ማየት አልቻለም። ገና በተሰባበረ ስፓኒሹ ከምድር ቤት እስከ አምስተኛ ፎቅ በር እያንኳኳ ከየቤቱ አንዳንድ ወንበር ለመነ፤ ወንበሩን ሲቀበል ባለቤቱም አብሮ እንዲመጣ አዘዘ። ሽምብራና ስንዴ ቀቅሎ ንፍሮ አዞረላቸው። ምን እንደሆነ ያላወቁት ጨው ነስንሰው በቢራ በሉት። ሦስት ቀን ሙሉ ሴትዮዋ ለአንዲት ሰዓት እንኳ ብቻቸውን አልሆኑም። ቃል ሲያጥረው ደግሞ አጠገባቸው ዝም ብሎ ተቀመጠ።

«ኤቢሳ? ዝም ብሎ?» አለች አያንቱ።

«ዝም ብሎ። ጎረቤቶቹ አሁን ስም ለስም ይተዋወቃሉ» አለች ሉሲያ። «እንዲያውም መጣላት ጀምረዋል።»

አያንቱ የሰማችውን ለእናቷ በአማርኛ ነገረቻቸው። ወይዘሮ አባይነሽ ተነሡ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ማሪ ካርመን አጠገብ ሄደው ተቀመጡ።

«ውይ እህቴን! ሐዘንተኛ ናት ለካ! ሐዘንተኛን ነው ወንበር ላይ ቀጥ ብዬ የተቀበልኩት?» ብለው ማልቀስ ጀመሩ። ማሪ ካርመንም አንድ ቃል ሳይገባቸው ሁሉም ገባቸው፤ ትከሻቸው ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ድምፅ የሰሙት ወይዘሮ የሺመቤት እየሮጡ ገቡ።

«ማን ሞተ?»

«የሴትዮዋ ወንድም ነው፣ ስፔን» አሉ አቶ ከበበ።

«የትም ይሁን!» አሉና ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ።

«ኤቢሳ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ ብላለች በልልኝ» አሉ እናቱ።

ኤቢሳ ሳይተረጉም ተነሣ። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ወደ በረንዳው ወጣ። አያንቱ ተከተለችው።

«ስለ ድንች ስንት ወር አደረቅኸን! ይሄን ለምን አላወራህም?»

«ለቅሶ ነዋ» አለ፤ ጥያቄው ራሱ ገርሞታል። «ለቅሶ ተደርሶ ይወራል እንዴ?»

አያንቱ ሰኞ ዕለት መምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይዋን ይዛ ገባች፤ የሥራ ባልደረቦቿ ገና ሳይቀመጡ፣ «ወንድሜ እኮ…» ብላ ጀመረች። ደወል ተደውሎም አልጨረሰችም።